ቆርቆሮ የተከደነበት ሳጥን

በዚያ ሰኞ ስለ ሳጥኑ ሁለት ወሬ ነበር። አንደኛው በቀለም ተጽፎ ለከተማው ሹም ለብላታ ወልደአማኑኤል የቀረበው የሐኪም ቤቱ ድሬሰር የሥዩም ወሬ ነው። እንዲህ ይላል፦ «መካኒክ ይማም የተባለው ሰው ከጣሊያን የማደሪያ መኪና አውጥቶ በኮረንቲ እንዲሠራ ያደረገው የማቀዝቀዣ ሳጥን፣ ሥራው የዕውር ድንብር ስለ ነበረ ጋዙ አምልጦ የአምስት መቶ ሰው የፈንጣጣ ክትባት ተበላሽቷል። ከዚህም በላይ ሰውየው በሳጥኑ ውስጥ ሥጋ ሲያስቀምጥበት እንደ ነበረ ተረጋግጧል።»

ሁለተኛው ያልተጻፈው ነው፤ ይማም በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ለሚሰማውም ለማይሰማውም የተናገረው። «ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት እጄን ከትቼ አይቼዋለሁ። ጣቴ እስኪደነዝዝ ይቀዘቅዝ ነበር። ጋዙ ቢያመልጥ ኖሮ ቤቱ ሁሉ ክብሪት ክብሪት ይሸት ነበር፤ ማን ሸተተው? የኔ ሥራ አልተበላሸም። አንድ ሰው ነክቶታል።»

ሁለቱ ወሬዎች የሚስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ሳጥኑ ሲከፈት ውስጡ እንደ ሰው ብብት ሞቆ ነበር።

ይማም የወሎ ሰው ነው፤ አገሩ ወረባቦ። በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከጣሊያን የመንገድ ሥራ ጋር ድንጋይ እየፈለጠ መቀሌ ደረሰ። ጉልበቱን ያየ አንድ ካፖ፣ የጣሊያን የሥራ አለቃ፣ ከድንጋይ ወደ ጋራዥ አዛወረውና አራት ዓመት እጁ በግራሶ ተነክሮ ኖረ። ጣሊያን ሲወጣ አብረውት የመጡት ወገኖቹ ወደ ወሎ ተመለሱ፤ እሱ ቀረ። ኡሙሰልማን አገባ፤ ከሐጂ አብዱልጀሊል ወፍጮ ቤት አጠገብ በቆርቆሮ የታጠረች ሥራ ቤት አቆመ። የወፍጮውን ሞተር፣ ከአሥመራ የሚመጡትን የጭነት መኪናዎች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ማንጠልጠያ ሳይቀር ሲጠግን ስድስት ዓመት ሞላው። እጁን ያላመሰገነ አልነበረም።

ሳጥኑን ያገኘው በእንዳየሱስ ኮረብታ ሥር ነው። መንገድ ያሠራ የነበረ አንድ የጣሊያን መሐንዲስ ያድርበት የነበረ፣ በኋላው አልጋና ጠረጴዛ፣ ትንሽ ማድ ቤትም ያለው መኪና ጎማው ተነቅሎ የፍየል ማደሪያ ሆኖ ከርሟል። ከማድ ቤቱ ጥግ የበረዶ ሳጥን ነበረ፤ ውጭው እንጨት፣ ውስጡ ዚንክ፣ በመካከሉ አራት ጣት ውፍረት ያለው ቡሽ። መሐንዲሱ ከአሥመራ በረዶ እያስመጣ ከላይ ይጭንበትና ወይኑንና ሥጋውን ከታች ያቀዘቅዝ ነበር። በረዶው ካለቀ ግን ሳጥኑ ተራ ሳጥን ነው።

ይማም ያለ በረዶ የሚበርድ አደረገው። አንድ ጣሊያን ለመጠጥ ቤቱ ካስመጣው የቢራ ማቀዝቀዣ የተረፈ ጋዝ መጭመቂያና እሱን በቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶ፣ የሚያዞር ሞተር ነበረው። በረዶው ይቀመጥበት በነበረው ቦታ የመዳብ ቱቦ ጠመዘዘና ቱቦውን የጨው ውሃ በሞላበት ጣሳ ውስጥ ነከረው። ጨው ለመቀሌ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ከአፋር የመጣ አንድ አሞሌ ከስክሶ በጠበጠ። ቀን የሐጂ ወፍጮ ሲዞር በሞተሩ የሚዞር ዲናሞ ኮረንቲ ይሰጣል፤ የጨው ውሃው ጥርስ እስኪያንገጫግጭ ይቀዘቅዛል። ወፍጮው ሲቆም ደግሞ ያው የጨው ውሃ ብርዱን ይዞ ያነጋል። ከሳጥኑ ውስጥ የተለቀመው ሙቀት በጀርባው በተጠመዘዘ ሌላ ቱቦ ያልፍና አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ወደ ውጭ ትተፋዋለች።

ይህን የጀርባውን ነገር ነው ይማም በቆርቆሮ የከደነው። ትንፋሽ እንዳያጣ በምስማር ቀዳዳ በሳስቶ፣ ዙሪያውን በቡሎን አጥብቆ ዘጋውና ሳጥኑን ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ ለሚጋራው ሐኪም ቤት አስረከበ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ያሉት ሁሉ አንድ መልስ ነበር ያገኙት፤ «እሱ የኔ ነው»።

ክፋት አልነበረም፤ ሙያን የተማረበት መንገድ ነው። ጋራዥ ውስጥ ካፖው ሁሉን ያሳየው ነበር። ዋናው ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ቀና ይልና «ይማም፣ ሂድ ውሃ አምጣ!» ይለዋል። ይማም ውሃውን ይዞ ሲመለስ ቡሎኑ ታስሯል። ስንት ባልዲ ውሃ እንዳመላለሰ አላህ ያውቃል። እያደር ውሃውን በር ላይ አስቀምጦ በመስኮት ማጮለቅ ለመደ፤ የሚያውቀውን ያወቀው በመስኮት ነው። በመስኮት የተማረ ሰው ደግሞ እጁ ሲፈታ መጀመሪያ የሚዘጋው መስኮቱን ነው።

ለሥዩምም ፍርድ አይጉደልበት። ከሸዋ የመጣ፣ ደሞዙ ቢዘገይም ነጭ ካፖርቱ የማይቆሽሽ፣ ሥራ ወዳድ ሰው ነበር። ፊቱ የተበሳሳ ነው፤ ልጅ ሆኖ ፈንጣጣ እሱን አቁስሎ ለቀቀው፣ ሁለት እኅቶቹን ወሰደበት። ያን ክትባት ለማግኘት ሰባት ደብዳቤ ጽፏል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ሲደርስ፣ ቀጫጭኖቹን የብርጭቆ ቱቦዎች እንደ ታቦት ነበር ተሸክሞ ያስገባቸው። ሰኞ ጠዋት ከፍቶ እጁን ሲሰድ የሆነውን ግን ማንም ይገምተዋል።

ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ከሓድነትና ከቃላሚኖ በኩል ሳይቀር ልጅ ያዘሉ እናቶች ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ ተሰልፈዋል። ሥዩም ወጣ። አንድ ቃል ሳይናገር ቱቦዎቹን በሰልፉ ፊት ድንጋይ ላይ ከሰከሳቸው። ይማም ጩኸቱን ሰምቶ ከሥራ ቤቱ ሲመጣ ብርጭቆው ገና በፀሐይ ይብለጨለጭ ነበር።

«መጣህ?» አለው ሥዩም። «ና እያቸው! የእነዚህ ሁሉ ሕፃናት ጠባሳ ባንተ ራስ ላይ ነው!»

«እስቲ መጀመሪያ ልየው፣ አቶ ሥዩም። የክፍሉን ቁልፍ ይስጡኝ።»

«ቁልፍ? ጅብን በግ ጠብቅ ልበል?»

«ምን አጠፋሁና ነው ጅብ የሆንኩት?»

«ሥጋ ስታስቀምጥበት ያዩህ ሰዎች አሉ! ምንም የማላውቅ መስሎሃል። የእስላም ሥጋ ባደረበት ሳጥን ውስጥ ነው እኮ የክርስቲያን ልጅ መድኃኒት ያሳደርነው!»

ሰልፉ እንደ ተነካ ቀፎ ተንጫጫ። ፊት የነበረችው ሴት ከልጇ ክንድ ላይ የገለጠችውን ጨርቅ መልሳ ሸፈነች። «እዋይ ድንግል! በዚህ መርፌ ልታስወጉኝ ነበር?» አለች። ከኋላ አንዱ፣ «ታዲያ መካኒክ ነው ሥጋ ሻጭ?» ብሎ ሰው አሳቀ። ሳቁ ከስድቡ ይልቅ ይማምን ለበለበው። የብዙዎቹን መኪና፣ የአንዳንዶቹን ድስት ሳይቀር የበየደው እሱ ነው።

የሐኪም ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ፣ ሁሉም እናቴ ለማለት አደይ የሚላት አስካለማርያም መጥረጊያዋን ይዛ ከበሩ ብቅ አለች። ጸጉሯ የሸበተ፣ ወገቧ ገና ያልጎበጠ የመቀሌ ሴት ናት። «አቶ ሥዩም፣ ሳጥኑ እኮ ትናንት በደንብ አድርጌ…» ብላ ስትጀምር፣ «አንቺ ወለልሽን ጥረጊ!» አለና አቋረጣት። በዕድሜ እናቱ የምትሆን ሴት ናት። ከንፈሯን ነክሳ ብርጭቆውን መጥረግ ጀመረች።

ሥዩም የመድኃኒቱን ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በዚያው ቀን ደብዳቤውን ጻፈ። ብላታ ወልደአማኑኤል ቃላቸውን የላኩት ማክሰኞ ነው፤ ነገሩ ረቡዕ እዚያው ሳጥኑ ባለበት ይታያል፤ ጥፋቱ የይማም ሥራ ሆኖ ከተገኘ ሥራ ቤቱ ይታሸጋል፣ ከእንግዲህም በከተማው ውስጥ ሞተር በሚባል ነገር ላይ እጁን አያሳርፍም።

ሐጂ አብዱልጀሊል መልእክቱን ሰምተው ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ይማም ቤት መጡ። ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ የወሎ ነጋዴ ናቸው፤ በመቀሌ ሃያ ዓመት ነግደዋል።

«ልጄ ይማም፣ ነገሩን አብርደው» አሉት። «አንድ ጊዜ 'ጥፋቱ የኔ ነው' በል። ብላታ ደግ ናቸው፤ ለቃልህ ሲሉ ያልፉሃል። እኛ እዚህ እንግዳ ነን።»

«ስንት ዓመት ነው እንግዳ የሚኮነው፣ ሐጂ? መንገዱን ስፈልጥላቸው እንግዳ ነበርኩ፤ ደወላቸውን ስሰቅልላቸው እንግዳ ነበርኩ፤ አሁንም እንግዳ?»

«ቁጣ ብልሃት አይሆንም።»

«ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ልበል? ወላሂ አልልም! አንድ ቀን አጠፋሁ ካልኩ በዚህ ከተማ ቡሎን የሚያስጠብቀኝ ሰው አይኖርም። መታሸጉ ይሻላል።»

ኡሙሰልማ ጥግ ተቀምጣ ልብስ ትጠቅም ነበር። መርፌዋን አቆመች። «ሥጋውን ግን አስቀምጠሃል?» አለችው።

ይማም ዞር ብሎ አፈጠጠባት። «አስቀምጫለሁ! የበግ ወርች ነው፤ ሦስት ቀን። ሳጥኑን ከማስረከቤ በፊት፣ እዚህ ሥራ ቤቴ ውስጥ! በአመድ አጥቤ፣ በፈላ ውሃ ደግሜ ነው የሰጠኋቸው። የሚያቀዘቅዝ ሳጥን በምን ይሞከራል? በዱዓ?»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርካቸውም?» አለች ኡሙሰልማ።

ሐጂ በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየህ፣ የደበቅኸው ነገር ሁሉ ባንተ ላይ ምስክር ሆኖ ይመጣል» አሉና ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። ይማም የተናገሩትን የሰማ አልመሰለም። መፍቻውን አንሥቶ፣ የሚፈታ ቡሎን ሳይኖር፣ መዳፉ ላይ ሲያዞረው አመሸ።

ረቡዕ በሦስት ሰዓት ብላታ ወልደአማኑኤል ከነዘንጋቸው መጡ። ቀጭን፣ ነጭ ሪዝ ያላቸው፣ ለማንም ፊት የማይሰጡ ሽማግሌ ናቸው። ሐጂም ተጠርተዋል። ሥዩም ቁልፉን አውጥቶ ከፈተ። ክፍሉ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ከወዲያ ማዶ የወፍጮው ድንጋይ ሲያጉረመርም ይሰማል። ሳጥኑ ጥግ ላይ ቆሟል። ዝም ብሏል።

«በሉ» አሉ ብላታ። «ድሬሰር፣ ጋዝ አመለጠ ብለሃል። በምን አወቅህ?»

«በጠረኑ ነው፣ ብላታ። በሩን ስከፍት የሚያቅለሸልሽ ነገር አፍንጫዬን መታኝ።»

«ምን ምን ይል ነበር?» አለ ይማም።

«ምን አውቅልሃለሁ፤ የተቃጠለ ላስቲክ።»

«ይኸው፣ ብላታ! ጋዙ እንደ ክብሪት ነው የሚሸተው። የተቃጠለ ላስቲክ ማለት የተቃጠለ ሞተር ነው። ሞተር ደግሞ በራሱ አይቃጠልም።»

«እንግዲያው ክፈተውና አሳየን» አሉ ብላታ በዘንጋቸው ቆርቆሮውን እየጠቆሙ።

ይማም ቡሎኑ ላይ እጁን አሳረፈና ቆመ። «ሰው ይውጣልኝ፣ ብላታ። እርስዎ ይቅሩ። ይሄ የእንጀራዬ ነገር ነው።»

«ከዳኛ ፊት የሚከደን ማስረጃ የለም። ሁሉም ያያል።»

ይማም ጥርሱን ነከሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቡሎን ፈታ። አደይ አስካለ በሩን ተደግፋ በጥያቄ ዓይን ጣቶቹን ትመለከታለች። የመጨረሻው ቡሎን ላይ ሲደርስ ያላሰበው ቃል ከአፉ ወጣ።

«አደይ አስካለ፣ እስቲ ውሃ ያምጡልኝ።»

ሴትዮዋ ቅል ፍለጋ ሄደች። ይማም ቆርቆሮውን መንጭቆ አነሣው።

ሞተሩ ጠቁሯል። የሽቦው ጥምጥም ላዩ እንደ አረረ ቆሎ ከስሏል። ማራገቢያዋ ቀጥ ብላለች፤ በክንፎቿ መካከል፣ በቱቦው ጥምዝ ውስጥ፣ በቺንጋው ሥር ሳይቀር ወርቃማ ነገር ተሰግስጓል። ይማም በጣቱ ቆንጥሮ ወደ ብርሃን አወጣው። ጭድ ነው።

የይማም ደም ወደ ራሱ ሲወጣ በዓይን ይታይ ነበር። ዞሮ የሥዩምን ነጭ ካፖርት ከነአንገትጌው ጨመደደው።

«ጭድ!» አለ። «ወፍጮ ቤት ዱቄት እንጂ ጭድ የለም! ቁልፉ ባንተ እጅ ነው፤ ክፍሉ ያንተ ነው፤ አንተ ነህ ጭድ ያጎረስከው! እኔን ከዚህ ከተማ ለመንቀል የልጆቹን መድኃኒት አቃጠልክ!» ከሦስት ዓመት ወዲህ «አቶ» እና «እርስዎ» ያልጎደለበትን ሰው አንተ እያለው ነበር።

«እጅህን አንሣ!» ሥዩም የእውነት ደንግጦ ነበር፤ ድምፁ ቀጠነ። «እኔ? እኔ ሰባት ደብዳቤ የጻፍኩበትን መድኃኒት?»

«ይማም! ልቀቅ!» አሉ ሐጂ። ብላታም ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። ይማም ለቀቀ፤ ነጩ ኮሌታ ላይ የአምስት ጣት ጥላሸት ቀረ።

አደይ አስካለ በቅል ውሃ ይዛ የገባችው ያኔ ነው። የሁሉንም ፊት አየች፤ ከዚያ በይማም መዳፍ ላይ ያለውን።

«ይሄማ የኔ ጭድ ነው» አለች።

ከግድግዳው ወዲያ ወፍጮው ብቻ ያጉረመርማል።

«የማን አልሽ?» አሉ ብላታ።

«የኔ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳጥኑን አለበስኩት። አቶ ሥዩም ቅዳሜ ማታ፣ 'አደራ፣ አስካለ፣ ሙቀት እንዳይነካው፤ የአምስት መቶ ሰው ነፍስ ነው' ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ጭድ በጆንያ ሞልቼ ግራ ቀኙንና ጀርባውን አስጠጋሁበት፤ ከላዩ ሁለት ብርድ ልብስ ደረብኩበት። የወፍጮው ሞተር ሲነሣ ስለ ሰማሁ ደኅና ነው ብዬ ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ሊከፈት ነው ብዬ ገፍፌ ጆንያውን ጓሮ አወጣሁት።» ቅሉን መሬት አስቀመጠች። «ሰኞ ልናገር ስል ወለልሽን ጥረጊ ተባልኩ። ጠረግኩ።»

ይማም ፊቷ ቆመ። «ጭድ!» አለ እንደ ገና። «ምን ነካዎት? ማን ሞተር በጭድ ይከድናል? አፈኑት እኮ! ማራገቢያዋ ጭዱን ከጆንያው በቀዳዳው እየሳበች ዋጠችው! የኔን ስም በገበያ ላይ አስጎተቱ፣ ያን ሁሉ መድኃኒት—»

«አንተ ልጅ፣ አትጩህብኝ!» አደይ አስካለ መጥረጊያዋን ወዲያ ወረወረች። እዚያ ክፍል ውስጥ ሲቆጡ ከሰነበቱት ሁሉ የእሷ ቁጣ የባሰ ነበር። «ይሄን ሳጥን ካንተ በፊት አውቀዋለሁ! ለዚያ መሐንዲስ አራት ዓመት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከአሥመራ በረዶ ሲመጣ ጭድ ለብሶ ነው የሚመጣው። ሳጥኑንም ጭድ ካላለበስነው በረዶው እኩለ ቀን አይደርስም ነበር፤ አንድ ቀን ረስቼ በጥፊ ተመትቻለሁ። ብርድ የሚጠበቀው በልብስ ነው፤ እኔ የማውቀው ይሄን ነው። ሞተር አለው አልከኝ? 'ይሄ ምንድን ነው' ብዬ የጠየቅኩህ ቀን ምን አልከኝ?»

ይማም ጭዱን ከመዳፉ አራገፈ።

«'እሱ የኔ ነው' አልከኝ! አፉን በቆርቆሮ ከድነህ፣ አፍ እንዳለው በምን ልወቅ?»

ይማም ወደ ቅሉ ተመለከተ። ውሃው ገና እየተወዛወዘ ነበር። ማንም አልጠማውም፤ እጁን ሊታጠብም አልነበረም። ለምን እንዳስመጣው ያወቀው አሁን ነው። ካፖው ከዚያ ከጋራዡ ተነሥቶ በእሱ አፍ የተናገረ መሰለው። ስምንት ዓመት ያን ሰው ረግሞታል። አፉ ግን ቃሉን ሳያጎድል ይዞለት ኖሯል።

ንዴቱ አልበረደለትም። ብቻ የሚያርፍበት ቦታ ጠፋው። ሴትዮዋ አደራዋን ነው የተወጣችው። ሥዩም መድኃኒቱን ሊጠብቅ ነው የተናገረው። እሱ ደግሞ…

ብላታ ወልደአማኑኤል ሪዛቸውን ዳሰሱ። «እኔ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ» አሉ። «በተበላሸው ምትክ የሚመጣው መድኃኒት ቅዳሜ ይደርሳል፤ ትናንት በስልክ ተነግሮኛል። ሳጥን ከሌለ ተመልሶ ይሄዳል። ድሬሰር፣ አንተ ምን ትላለህ? ሥራው የዕውር ድንብር ነበር?»

ሥዩም ኮሌታው ላይ ያለውን ጥላሸት ያብስ ነበር፤ ባበሰው ቁጥር ይሰፋል። «ሥራው… ሥራውስ ደኅና ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ግን ሥጋውን—»

«አስቀምጫለሁ!» አለ ይማም። «ከማስረከቤ በፊት፣ በሥራ ቤቴ፣ ሦስት ቀን፤ ይበርድ እንደ ሆነ ለማየት። አጥቤ ነው የሰጠኋችሁ። መድኃኒት ከገባበት ወዲህ ከመድኃኒት በቀር ምንም አልገባበትም። ይህን ያኔ አለመናገሬ ጥፋቴ ነው። አንተ ግን ሳትጠይቀኝ በገበያ መካከል ጮህክበት። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ሸፍነው ሄዱ። እነሱ ቅዳሜ መድኃኒቱ ቢመጣስ ተመልሰው የሚመጡ ይመስልሃል?»

ሥዩም ቀና አለ። ይህን አላሰበውም ነበር። የተበሳሳ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ አመድ መሰለ።

«እንግዲህ ይማም» አሉ ብላታ። «ሥራ ቤትህ አይታሸግም፤ ይሄን እኔ እላለሁ። ሳጥኑን እንድትሠራ ግን ላስገድድህ አልችልም፤ ተሰድበሃል። ትሠራለህ ወይስ ትተወዋለህ?»

ይማም ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮውን ከመሬት አነሣ። በምስማር የበሳቸውን ቀዳዳዎች በጣቱ ዳሰሰ። በጣም ጥቂት ነበሩ። ጭድ ባይኖርም፣ በሚያዝያ ሙቀት ሞተሩ ስንት ቀን ይችል ነበር? ይህን ጥያቄ ከራሱ በቀር ማንም አልጠየቀውም። ቆርቆሮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለሁለት አጠፈውና በሩ ሥር ወረወረው። ድምፁ ወፍጮውን አስረሳ።

«እሠራዋለሁ» አለ። «ከጣሊያኑ የማደሪያ መኪና ዲናሞ ሽቦ አውጥቼ ሞተሩን እንደ ገና እጠመጥመዋለሁ፤ ቅዳሜ ይደርሳል። የምሠራው ግን እዚሁ፣ በሩ ተከፍቶ ነው፤ ማየት የፈለገ ይይ። አደይ አስካለ፣ ነገ በጠዋት መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ የቱ እንደሚተነፍስ፣ የቱ እንደሚሞቅ፣ የቱ እንደማይነካ አንድ በአንድ አሳይዎታለሁ፤ ከእንግዲህ የሳጥኑ ጠባቂ እርስዎ ነዎት። ውሃ የሚቀዳልኝም አልፈልግም።» ወደ ሥዩም ዞረ፤ ቁጣው ከፊቱ አልወረደም። «አንተም ብትፈልግ ትማራለህ። ግን መጀመሪያ፣ በሰልፉ ፊት ያልከውን በሰልፉ ፊት ትመልሰዋለህ። የመጪው ሰኞ ገበያ ላይ፣ በራስህ አፍ፤ አለዚያ ሳጥኑን ለእሷ አስረክቤ፣ ካንተ ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ እኖራለሁ።»